ከብልት እስከ ኪሎ፦ ከቤት ውጭ የመብላት ልክ ታሪክ

አንዲት ዶሮ ስንት ሰው ታበላለች? ባለሙያ የምትባል የቤት እመቤት መልሱን ለመስጠት አታመነታም። ዶሮዋ በ12 ብልት ትበለታለች፤ ከ12 ካነሰች ወይም ከበለጠች ሙያው ጎድሏል። እያንዳንዱ ብልት ስም አለው፤ አንዳንዱም ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይወጣል። እንቁላሉም በሰው ልክ ይቀቀላል። ወጡ ከድስቱ ወደ መሶቡ ሲመጣ ማን ምን እንደሚደርሰው ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። እንግዳው «ይበቃኛል» ለማለት አፉን ሳይከፍት፣ ልኩን ሌላ ሰው ለክቶለታል።

ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ይህን ለኪ አያገኝም። አስተናጋጁ የሚጠይቀው «ምን ይምጣ?» ብሎ ነው፤ «ምን ያህል ይበቃዎታል?» የሚል የለም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ሐኪም «ቀንስ» ያለው፣ ወይም ጤናውን መጠበቅ የፈለገ ሰው ቤቱ ውስጥ የለመደውን መጠን ይዞ ይወጣና ትሪው ፊቱ ሲቀርብ ይጠፋበታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጫነው በሰውየው ላይ ነው። «ሆዱን መግዛት አቃተው» ይባላል። የማዕዱ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በአገራችን ባህል ሰው የራሱን ልክ ብቻውን እንዲጠብቅ የተተወበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ልኩን የሚይዙ ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ አንዱ አከፋፋዩ፣ ሌላው ከበላተኛው ቀጥሎ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ምግብ ቤት የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊትም ሰው ከቤቱ ውጭ ይበላ ነበር። መንገደኛው ስንቁን ይዞ ይወጣል፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። ስንቅ ለብዙ ቀን የተሰፈረ ነውና ዛሬ አብዝቶ የበላ ነገ ይራባል። ስንቁ ያለቀበት ደግሞ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ይቆማል፤ የሰጡትን በልቶ፣ አመስግኖ ያድራል።

ባለሥልጣን ወይም የንጉሥ እንግዳ ከሆነ ድርጎ ነበረለት። ድርጎ በንጉሡ ወይም በአገረ ገዢው ትእዛዝ ለእንግዳው የሚቀርብ የዕለት ቀለብ ነው። የእንጀራው ቁጥር፣ የማሩና የቅቤው መጠን፣ የሚታረደው በግ ሁሉ እንደ እንግዳው ማዕረግና እንደ ተከታዮቹ ብዛት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክ በዚህ ሥርዓት ከተስተናገዱት መካከል ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች በመጽሐፎቻቸው ድርጎን ደጋግመው ያነሱታል፤ አንዳንዱ በዛልኝ ብሎ ያደንቃል፣ አንዳንዱ አነሰብኝ ብሎ ያማርራል። ያም ሆነ ይህ፣ ልኩ የሚቆረጠው እንግዳው በሌለበት ነበር።

በገዳማትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። የመነኮሳት የዕለት ድርሻ መቁነን ይባላል፤ መጋቢው ይሰፍራል፣ ረድኡና መነኩሴው የተሰጣቸውን ይቀበላሉ። የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ ደግሞ ሆድን ከሦስት ከፍሎ ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለውኃ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ መተው እንደሚገባ ከነቢዩ የተላለፈው ትምህርት በሽማግሌዎች ይነገራል። ቅርጫም አለ። ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለእንቁጣጣሽ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይደለደላል። ሽንጡም፣ ጎድኑም፣ ጉበቱም፣ ጨጓራውም በየመደቡ እንዲደርስ ተደርጎ ይከፋፈልና ዕጣ ይወጣል። ከቅርጫ የሚመለስ ሰው የፈለገውን ያህል ሥጋ ሳይሆን የደረሰውን ያህል ይዞ ይገባል።

የዚህ አከፋፈል ትልቁ መድረክ ቤተ መንግሥቱ ነበር። ከመካከለኛው ዘመን የተላለፉ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ጽሑፎች ለግብር የታረደው በሬ የትኛው ብልት ለየትኛው ባለ ማዕረግ እንደሚደርስ ይዘረዝራሉ። ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ባሠሩት ሰፊ አዳራሽ የሚበላው ግብር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተናግድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ መኳንንት በቅድሚያ በመጋረጃ ውስጥ ይበላሉ። መጋረጃው ሲገለጥ የሚቀጥለው ማዕረግ ይገባል፤ እርሱ ሲነሳ ሌላው ይተካል፤ እንዲህ እያለ እስከ ተራው ወታደርና እስከ ደጅ ጠኚው ይደርሳል።

ግብርን የጥጋብ ምሳሌ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው፤ የጥሬ ሥጋውና የጠጁ ብዛት ለዚያ ይጋብዛል። ነገር ግን ሥርዓቱን ልብ ብሎ ላየው ሌላ ነገርም ይታያል። ከአዳራሹ ውጭ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አለ። መኳንንቱ ማዕዱ ላይ የሚተዉት ምግብ ባለቤት አለው። አሳላፊው፣ ጠጅ አሳላፊው፣ አጋፋሪው ሁሉም ይህን ያውቃሉ።

ይህ ሥርዓት ከቤተ መንግሥት ወደ ጎጆው የወረደ ይሁን ወይም ከጎጆው ወደ ቤተ መንግሥት የወጣ፣ በየቤቱም ያው ነበር። አዋቂዎቹ ሲበሉ ልጆች ኩራዝ ይዘው ወይም እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። አዋቂዎቹ ሲነሱ መሶቡ ወደ ልጆቹና ወደ ቤት ሠራተኞቹ ይሄዳል። መሶቡን ጠርጎ የሚነሳ እንግዳ በስግብግብነት ይታማል፤ ምክንያቱም የበላው የሌላ ሰው ራት ነው። ለቆመው ልጅ ሥርዓቱ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ብዙ አዋቂዎች ያን ጥበቃ በምሬት ያስታውሱታል። በላተኛው ግን በቃኝ የሚልበት ጊዜ ዓይኑ ፊት ቆሞ ይታየው ነበር።

ጉርሻስ? «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለው አባባል የሚያሳየው የማዕዱ ሌላ ኃይል መኖሩን ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ የጠገበው ሰው ይጎርሳል። እንግዳው በበኩሉ ይግደረደራል። አስተናጋጁ ይገፋል፣ ይሉኝታ ይይዛል፤ ሁለቱ ተመዛዝነው ልክ የሆነ ቦታ ላይ ያርፋሉ። ይሉኝታ የቤት ማዕድ ልጓም ነበር ማለት ይቻላል። ምግብ ንግድ ሲሆን ይህ ልጓም ምን እንደደረሰበት በኋላ እናየዋለን።

በገንዘብ የሚሸጥ ማዕድ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በእቴጌ ጣይቱ ነው። እቴጌ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ፤ ዛሬም ፒያሳ ላይ ጣይቱ ሆቴል ተብሎ ይሠራል። መጠጥ መሸጥ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ጠላውም ጠጁም ሲሸጥ ኖሯል፤ ጠጁ በብርሌ ስለሚቀዳ ገዢው ስንት እንደጠጣ ይቆጥራል። እንጀራና ወጥ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ግን ነውር ነበር። እንግዳን አብልቶ ዋጋ መጠየቅ ማን ያውቃል? በሰፊው እንደሚነገረው በመጀመሪያ ወደ ሆቴሉ የሚሄድ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ከጨረሱም በኋላ ገንዘብ አውጥተው ከፈሉ። መኳንንቱም በተራቸው እየሄዱ እየከፈሉ እንዲበሉ ተደረገ። ትረካው ከተራኪ ተራኪ ዝርዝሩ ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። ሰው ከፍሎ መብላትን መማር ነበረበት።

ከፍሎ መብላት ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር በጸጥታ ተለወጠ። ትራፊው ባለቤት አጣ። ሆቴል ውስጥ መጋረጃው እስኪገለጥ የሚጠብቅ የለም፣ ኩራዝ ይዞ የቆመ ልጅ የለም። ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ሁሉ የከፋዩ ነው። የተከፈለበትን ትቶ መነሳት ገንዘብን ሜዳ ላይ እንደ መጣል መታየት ጀመረ።

ሆቴሉ የተከፈተበትን ጊዜም ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው ክፉ ቀን ካለፈ ገና 14 ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ዘመን የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰ፣ አራሽ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ የተረፈ ትውልድ ሞልቶ የፈሰሰ ማዕድ ሲያይ የሚሰማው ደስታ ከሆዳምነት ጋር አይገናኝም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃቦች ይህን ትዝታ ደጋግመው አደሱት። በደርግ ዘመን ደግሞ የከተማው ሰው ጤፍና ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን እየተሰፈረለት ኖሯል። ለእንግዳ ትሪ ሞልቶ ማቅረብ፣ ምግብ ቤት ገብቶም ሳይሳሱ ማዘዝ፣ «ችግር አልፏል» ብሎ በአደባባይ የመናገር ያህል ነው። የምግብ መጠን ይቀነስ የሚል ሁሉ ይህን ታሪክ ካላወቀ ጆሮ የሚሰጠው አያገኝም።

የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሌላ ለውጥ ይዞ መጣ። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ላዛኛ፣ ከእነርሱም ጋር ሹካና የየግል ሳህን ተስፋፋ። ወራሪው ሲወጣ ቡና ቤቱና ፓስታው ቀሩ። ፓስታ የሚበላ ሰው ከሌላው ጋር አይጋራም፤ ምግብ ቤቱ የአንድ ሰው ድርሻ ይህ ነው ብሎ የወሰነው መጠን ፊቱ ይቀመጣል። አከፋፋዩ ተመልሶ የመጣ ይመስላል፤ አሁን ግን የሚያከፋፍለው ሰውየውን የማያውቅ ወጥ ቤት ነው። ሽማግሌውም፣ ተማሪውም፣ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለውም አንድ ዓይነት ሳህን ይቀርብላቸዋል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ለዚህም የራሱን መላ ፈለገ፤ ፓስታውን በእንጀራ ላይ አስገልብጦ ከጓደኛው ጋር በእጁ መብላት ያዘ። «አንድ ፓስታ በእንጀራ ለሁለት» የሚለው ትእዛዝ ኪስ ለሳሳበት ተማሪና ሠራተኛ መፍትሔ ነበር፤ ሳይታሰብም የሁለት ሰው ልክ ሆኖ አገልግሏል።

ሥጋ ቤት ሲገባ ሚዛን ይጠብቃል። የተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ ታላቁን፣ ሽንጡን፣ ሻኛውን፣ ጎድኑን መርጦ የሚያስቆርጥ ደንበኛ ትእዛዙን በኪሎ ይሰጣል። «ግማሽ ኪሎ ጥሬ፣ ግማሽ ኪሎ ጥብስ» ይላል። ስሞቹ የግብሩ ብልቶች ናቸው፤ ማዕረጉ ግን ወድቋል። ገንዘብ ያለው ሁሉ የመኳንንቱን ብልት ይበላል፤ ይህ የሚያስደስት እኩልነት ነው። የማያስደስተው ጎኑ፣ ሚዛን የሚለካው ሥጋውን እንጂ በላተኛውን አለመሆኑ ነው። አራት ጓደኛሞች ተቀምጠው አንዱ አንድ ኪሎ ያዛል። ሲጋመስ ሌላው «አንተ ብቻህን ልትጋብዝ ነው?» ብሎ ግማሽ ኪሎ ያስጨምራል። ሦስተኛውም ዝም ማለት አይሆንለትም። እንዲህ ሲሆን የሚታዘዘው መጠን ከረኃብ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ የሚለካው የግብዣው ክብር ይሆናል።

የይሉኝታ ነገር የተገለበጠውም እዚህ ላይ ነው። በቤት ማዕድ ይሉኝታ እጅን ይሰበስባል፤ ብዙ መብላት ያሳፍራል። በምግብ ቤት ማዕድ ይሉኝታ እጅን ይዘረጋል፤ ትንሽ ማዘዝ ያሳፍራል፣ ጋባዡ ያስመጣውን አለመብላትም እርሱን ማሳፈር ይሆናል። ክትፎ ቤትም እንዲሁ ነው። ከጉራጌ ቤት የወጣው ክትፎ በጣባ፣ ከቆጮና ከአይብ፣ ከጎመን ጋር ይቀርባል። ጣባው በቤት ውስጥ ሲያገለግል የድግስና የክብር ቀን ዕቃ ነው፤ የክትፎው ዋና በዓል መስቀል ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በከተማ ያው ጣባ ገንዘብ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ ይቀርባል። የበዓል መጠን የዘወትር መጠን ሆነ።

ጾም ግን ለዘመናት የቆየ ልጓም ነው፤ ምግብ ቤቱም አልጣሰውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። በሁዳዴ ብዙ ሥጋ ቤቶች በራቸውን ይዘጋሉ። የምግብ ቤቱ ምላሽ በያይነቱ ሆነ፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ በጭልፋ በጭልፋ እንጀራው ላይ ይደረደራል። በያይነቱ ከልክ አንጻር አስደናቂ ምግብ ነው፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ፣ አብዛኛው ጥራጥሬና አትክልት። መጠኑን የሚወስነው ግን ወጡ ሳይሆን ከሥሩ ያለው እንጀራ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ሊኖረው ይችላል፤ ከጎኑ ደግሞ ተጠቅልሎ የሚቀርብ ጭማሪ አለ። ወጡ ሲያልቅ እንጀራ ይተርፋል፣ እንጀራው እንዳይተርፍ ወጥ ይጨመራል፣ ወጡ እንዳይተርፍ እንጀራ ይጠራል። በጾም ቀን ውሎውን ሳይቀምስ ቆይቶ ለገባ ሰው ይህ ዑደት በቀላሉ የሚቆም አይደለም።

ለቡድን የሚቀርበው ማህበራዊ የተባለው ምግብም ልዩ ልዩ ወጥና ጥብስ በአንድ ትሪ ሰብስቦ የቤቱን መሶብ ወደ ምግብ ቤት ያመጣል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ «ይኼኛው የአንተ ነው» የሚል እመቤት።

ይህ ማዕድ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ሌላ ታሪክ ውስጥ ገባ። በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው ማማ ደስታ ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ታወቀ። ስደተኛው ሠርቶ የሚበላበት፣ አገሩን የሚቀምስበት ቤት አገኘ።

ጊዜው አሜሪካ ራሷ ልኳን የምትለውጥበት ጊዜ ነበር። ሊሳ ያንግና ማሪዮን ኔስል የተባሉ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከቤት ውጭ የሚሸጠው ምግብ መጠን ማደግ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ በ1980ዎቹ በፍጥነት ጨመረ፣ ከዚያም ቀጠለ። ከዚህ ለውጥ ጀርባ ስሙ የሚነሳ ሰው አለ፤ ዴቪድ ዎለርስቲን። ዎለርስቲን ሲኒማ ቤቶችን ሲያስተዳድር ደንበኞች ሁለተኛ ከረጢት ፈንዲሻ እንደማይገዙ አስተዋለ። የፈለጉት ቢሆንም እንኳ ሁለተኛውን መግዛት ሆዳም ያስመስላል ብለው ያፍራሉ። መፍትሔው አንዱን ከረጢት ማተለቅ ሆነ። በኋላ የማክዶናልድ የቦርድ አባል ሲሆን ያንኑ ሐሳብ ለድንች ጥብሱ አቀረበ፤ በ1970ዎቹ ትልቁ ድንች ጥብስ ገበያ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ድርጅት አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የለስላሳ ብርጭቆ በአገሪቱ አሰራጨ። ዎለርስቲን ያገኘው ነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሚገባ የሚያውቀው ነው። ሰውን ከሁለተኛው ዙር የሚያቆመው ይሉኝታ ነበር፤ ሁለቱ ዙር በአንድ ዕቃ ሲቀርብ ይሉኝታው የሚይዘው ነገር አጣ።

መጠን ሲያድግ ሰው ተርፎት ይተወዋል የሚል ተስፋም ነበር። ተስፋው አልያዘም። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ለተሳታፊዎች በተለያየ ቀን ከ500 ግራም እስከ 1000 ግራም የሚደርስ ማካሮኒ በቺዝ አቀረቡ። ትልቁ ሲቀርብላቸው ከትንሹ ይልቅ 30 በመቶ ያህል ጨምረው በሉ። ብዙዎቹ መጠኑ መለያየቱን ልብ አላሉም። ወጥ ቤቱ በሳህን ሰፍሮ ቢሰጣቸውም፣ ከትልቅ ዕቃ ራሳቸው ቢጨልፉም ውጤቱ አልተለወጠም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ፊት ያለው ክምር ብዙ ከሆነ፣ እጁ የራሱ ቢሆንም ብዙ ይወስዳል። ጆን ደ ካስትሮ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪም ሰዎች የበሉትን በማስታወሻ እንዲመዘግቡ በማድረግ፣ ከሌሎች ጋር የሚበላ ማዕድ ብቻውን ከሚበላው በጉልህ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው መልስ ቁጥር ነው። ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ በሜኑ ላይ እንዲጽፉ ይገደዳሉ። ሕጉ አብዛኞቹን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አይነካም፤ ባለ አንድና ባለ ሁለት ቤት ናቸውና። ቢነካም ችግር አለ። አምስት ሰው ከሚበላበት ትሪ የማን ድርሻ ስንት ካሎሪ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር የለም። ለዚህ ማዕድ የሚሠራው መለኪያ የሰው ቁጥር ነው። «ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ «አራት ከሆናችሁ ሦስት ወጥ ይበቃችኋል» የሚል አስተናጋጅ ከየትኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ የጥንቱን አከፋፋይ ቦታ ተክቷልና።

ትራፊውን ወደ ቤት መውሰድ በአሜሪካ ቀደም ብሎ የተለመደ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ምግብ በሚቆጠብበት ዘመን፣ ምግብ ቤቶች ለውሻ በሚል ሰበብ ትራፊ መጠቅለያ ከረጢት ለደንበኞች ይሰጡ ጀመር፤ ከዚያ ሰበቡ ቀርቶ ልማዱ ጸና። የአዲስ አበባ ሰው ለረጅም ጊዜ «ጠቅልሉልኝ» ለማለት ሲያፍር ኖሯል። ማፈር አልነበረበትም። አገልግል የሚባል ዕቃ ያለው ሕዝብ ነው፤ እናቶች ምግብን በአገልግል ቋጥረው ለመንገደኛ ልጅ፣ ለታመመ ዘመድ፣ ለሩቅ ወዳጅ ሲልኩ ኖረዋል። ዛሬ «ቴክአዌይ አድርጉልኝ» የሚለው ድምፅ በየምግብ ቤቱ እየበረታ ነው፤ በተለይም ወጣቶቹ ሳያፍሩ ይጠይቃሉ።

ሳይጠቀለል የሚቀረው ትራፊ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ለዚህም ስም አላት፤ ቡሌ። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የሚተርፈው ምግብ ተሰብስቦ በመርካቶና በሌሎች ሰፈሮች ለሌላቸው ሰዎች ሲሸጥ ኖሯል፤ አንዳንዱ በጉርሻ ልክ ሒሳብ እየተከፈለበት። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በግብሩ አዳራሽ ደጅ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ሰው አልጠፋም። በበላተኛው ዓይን ፊት መቆሙ ብቻ ቀርቷል፤ የሚደርሰውም ንጹሕነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ነው። ሁለት ሰው አንድ ትሪ አዝዞ ሲበቃው ማቆሙ የጤና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ልኩን መጠበቅ የሚሳካላቸው ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ሲታይ አብዛኛው ከዚህ ታሪክ የተወሰደ ይመስላል። ሦስት ሆነው ሁለት ያዛሉ፤ ካነሰ ይጨመራል። «ግማሽ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ቤቶች ሜኑ ላይ ባይጽፉትም ይሰጣሉ። ጭማሪ እንጀራውን ገና ሲቀርብ ይመልሳሉ። ማን እንደሚጋብዝ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ይነጋገራሉ፤ የክብሩ ፉክክር በኪሎ እንዳይገለጥ። የሚጠቀለለውን ምግቡ እንደቀረበ፣ እጅ ሳይነካው ከጎን ያስቀምጣሉ። ይህ ሁሉ የግል ጥንካሬ ቢጠይቅም ብቻውን የሚደረግ አይደለም፤ ከማዕዱ ተካፋዮች ጋር ስምምነት ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያዋን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጋለች። መመሪያው ምግብን ማፈራረቅንና አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተርን፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት መቀነስን ይመክራል። ምክሩ በቤተሰብ ጓዳ ይጀምራል፤ ወደ ሥጋ ቤቱና ወደ ክትፎ ቤቱ የሚደርሰው ግን ባለ ምግብ ቤቱ ሲያግዝ ነው። የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም፤ ወጪም የለውም። ከምግቡ ስም አጠገብ ለስንት ሰው እንደሚበቃ መጻፍ፣ ከ«ሙሉ» ቀጥሎ «ግማሽ» የሚል ዋጋ ማስቀመጥ፣ እንጀራን ሲጠየቁ እንጂ ሳይጠየቁ አለመጨመር። አንዲትን ዶሮ በ12 የምትበልት እመቤት ያለ ሚዛንና ያለ ሠንጠረዥ የምትሠራው ሥራ ይህ ነበር፤ ደንበኞቹን በስማቸው የሚያውቅ ማንኛውም የሰፈር ምግብ ቤት ዛሬ ሊጀምረው ይችላል።